የሌሊት ቅናሽ ያለው ቆጣሪ ወይስ ባለ አንድ ዋጋው? በብሪታንያ ቶፕ አፕ ለሚያደርጉ ቤቶች የአመራረጥ መመሪያ

ለንደን ወይም በርሚንግሃም ቤት ተከራይተው፣ አለዚያም ከካውንስል ተሰጥቷቸው የሚገቡ ብዙ ወገኖቻችን ከበሩ ጀርባ ያለችውን ጠባብ ቁም ሳጥን ሲከፍቱ የሚያገኙት ቁልፍ የሚሰካበት ቆጣሪ ነው። አገር ቤት የካርድ ቆጣሪ ለለመደ ሰው ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም፤ ገንዘብ ካለው መብራት አለ፣ ካለቀ የለም። እንግዳ የሚሆነው የዋጋው አቆጣጠር ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ የመኖሪያ ቤት ታሪፍ የሚወደደው በወሩ ውስጥ የተጠቀማችሁት መጠን ሲጨምር ነው። ብሪታንያ ውስጥ ባለ ሁለት ዋጋ ቆጣሪ ከገጠማችሁ ግን ዋጋውን የሚቀያይረው ሰዓቱ ነው። ያው ማሞቂያ ሌሊት ሲሠራ ይረክሳል፣ ቀን ሲሠራ ይወደዳል።

ሁለት ጉዳዮች ሁልጊዜ ይምታታሉና አስቀድመን እንለያቸው። አንደኛው አከፋፈሉ ነው፦ አስቀድሞ መሙላት ወይስ ከተጠቀሙ በኋላ ቢል መቀበል። ሁለተኛው የዋጋው ዓይነት ነው፦ ቀንም ሌሊትም አንድ ዋጋ፣ ወይስ ለየብቻ። በቶፕ አፕ፣ ማለትም አስቀድሞ ገንዘብ በመሙላት፣ የሚሠራ ቆጣሪ በሁለቱም ዓይነት ይገኛል። "የቁልፍ ቆጣሪ ገንዘብ ይበላል" ሲባል የምትሰሙት ብዙ ጊዜ አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ነው፤ ገንዘቡን የሚበላው ቁልፉ ሳይሆን ለቤቱ የማይስማማ የሁለት ዋጋ ታሪፍ ነው። ከ2024 ሚያዝያ ወዲህ የቶፕ አፕ ደንበኞች የሚከፍሉት የዕለት ቋሚ ክፍያ (ስታንዲንግ ቻርጅ) በባንክ በየወሩ ከሚቆረጥላቸው ደንበኞች ጋር እንዲስተካከል ተደርጓል። ስለዚህ ዛሬ ዋናው ጥያቄ ሁለተኛው ነው፣ ይህ መመሪያም ስለ እሱ ነው። የምጽፈው ለእንግሊዝ፣ ለስኮትላንድና ለዌልስ ነዋሪዎች ነው፤ ሰሜን አየርላንድ የራሱ ገበያና የራሱ ተቆጣጣሪ አለው።

ደረጃ 1፦ ያላችሁ ቆጣሪ የትኛው ነው?

የሌሊት ቅናሽ ያለው የተለመደው ታሪፍ ኢኮኖሚ ሰቨን ይባላል። በ1978 የተጀመረ ሲሆን፣ ሐሳቡ ቀላል ነበር፤ ትልልቆቹ የኃይል ማመንጫዎች ሌሊት ሰው ሲተኛም ቶሎ ዝቅ ስለማይሉ፣ ያን ጊዜ የሚመረተውን ኃይል በርካሽ ሸጦ ቤቶች ሙቀት እንዲያጠራቅሙበት ማድረግ። ሰባት የሚለው ቁጥር የርካሹን ሰዓት ብዛት ያመለክታል። ኢኮኖሚ ቴን የሚባል አሥር ሰዓት የሚሰጥ ዓይነትም አለ፤ እሱ ሰዓቱን በቀንና በሌሊት ከፋፍሎ ይሰጣል።

የእናንተ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ቆጣሪው ላይ ያለችውን በተን እየደጋገማችሁ ተጫኑ። ስክሪኑ ቀሪ ገንዘቡን፣ የዕለት ቋሚ ክፍያውን፣ ዕዳ ካለ ዕዳውን፣ ከዚያ ዋጋና ንባብ ያሳያችኋል። ሬት 1 እና ሬት 2 ተብለው ሁለት የተለያዩ ዋጋዎች፣ ሁለት የተለያዩ ንባቦች ከመጡ ባለ ሁለት ዋጋ ነው። የሚወጣውን ሁሉ ወረቀት ላይ ጻፉ ወይም በስልካችሁ ፎቶ አንሱ፤ ኋላ ስትደውሉ ይህ ወረቀት ብቻውን ግማሽ ሥራ ነው።

ሁለተኛው ፍንጭ ወረቀቱ ላይ ነው። ኤሌክትሪኩን የሚሸጥላችሁ ኩባንያ በዓመት በሚልክላችሁ መግለጫ ወይም በቆየ ቢል ላይ ትልቅ የእንግሊዝኛ "ኤስ" ፊደል ያለበት ሳጥን ታገኛላችሁ። የላይኛው መስመር መጀመሪያ 01 ከሆነ ቤቱ የተመዘገበው በአንድ ዋጋ፣ 02 ከሆነ በኢኮኖሚ ሰቨን ነው። አሁን ስማርት ሜትር (ንባቡን በራሱ ለኩባንያው የሚልክ ቆጣሪ) እየተስፋፋ አሠራሩም እየተቀየረ ስለሆነ አዳዲስ ወረቀቶች ላይ ይህን አትጠብቁት፤ ከታች ያለው ባለ 13 አኃዝ ቁጥር ግን የቤቱ የኤሌክትሪክ መለያ ስለሆነ ያዙት።

ሦስተኛውን ፍንጭ ከግድግዳው ላይ ታገኙታላችሁ። ብዙ የቆዩ ባለ ኢኮኖሚ ሰቨን ቤቶች የብሬከር ሳጥናቸው ሁለት ነው፤ አንደኛው ሁልጊዜ ኃይል አለው፣ ሌላኛው ኃይል የሚያገኘው በርካሹ ሰዓት ብቻ ነው። ግድግዳው ላይ ቀን ቀን ምንም የማይሠራ የሞተ የሚመስል ማብሪያ ካያችሁ ወዲያው ተበላሸ አትበሉ፤ ከሁለተኛው ሳጥን የተሳበ ሊሆን ይችላል። ይህች ነገር በደረጃ 6 ትመለሳለች።

ቤቱ ውስጥ ቀድሞ የነበረ ሰው የተወውን ቁልፍ ደግሞ አትጠቀሙበት። አዲስ ገቢዎች ከሆናችሁ መጀመሪያ ለኩባንያው ደውላችሁ የገባችሁበትን ቀንና ንባቡን አስመዝግቡ፣ አዲስ ቁልፍ ይላክላችሁ። በአሮጌው ቁልፍ ከሞላችሁ የቀድሞው ነዋሪ ዕዳ ከእናንተ ገንዘብ ላይ ሊቆረጥ ይችላል። ኩባንያው ማን እንደሆነ ካላወቃችሁ የአካባቢውን የመስመር ድርጅት ጠይቁ፤ በአብዛኛው ለንደን ውስጥ ዩኬ ፓወር ኔትዎርክስ ነው።

ደረጃ 2፦ ርካሹ ሰዓት መቼ ነው? አትመኑ፣ ሞክሩት

ሰባቱ ሰዓት በአገሩ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም፤ እንደ ክልሉና እንደ ቆጣሪው ይለያያል። አንዱ ሰፈር ከ00፡30 እስከ 07፡30 ይሆናል፣ ሌላው ቀደም ብሎ ይጀምራል። በእኛ አቆጣጠር 00፡30 ማለት ከሌሊቱ 6፡30፣ 07፡30 ማለት ከጠዋቱ 1፡30 ነው። ቆጣሪውም ኩባንያውም የሚናገሩት በ24 ሰዓት አቆጣጠር ስለሆነ ፍሪጁ ላይ የምትለጥፉትን ወረቀት በዚያው ጻፉት። "ከአሥራ ሁለት ተኩል ጀምሮ" ብሎ ስልክ ላይ የተነገረውን አንዱ የቤተሰብ አባል በአገር ቤት ሰዓት ምሽት 12፡30 ብሎ ከተረዳው፣ የውሃ ታንከሩ በውዱ ሰዓት ሲፈላ ያመሻል።

በጋውም ጣጣ አለው። ብዙ የቆዩ ቆጣሪዎች ሰዓታቸው ከክረምት ወደ በጋ አይቀየርም። መጋቢት መጨረሻ ላይ የእጅ ሰዓታችሁን አንድ ሰዓት ስታስቀድሙ ቆጣሪው ባለበት ይቆያል። ስለዚህ በክረምት 00፡30 የሚጀምረው ርካሽ ሰዓት በበጋ በእናንተ ሰዓት 01፡30 ይጀምርና 08፡30 ያልቃል ማለት ነው።

ፍተሻው እንዲህ ነው። ርካሽ ነው በተባለው ሰዓት መሃል፣ ለምሳሌ ሰው ለሌሊት ሥራ ሲነሳ ወይም ለጸሎት ሲነቃ፣ ሁለቱን ንባቦች ጻፉ። 2 ኪሎዋት የሚል ተንቀሳቃሽ ማሞቂያ ለግማሽ ሰዓት አብሩ፤ ግማሽ ሰዓት በ2 ኪሎዋት ልክ 1 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ተመልሳችሁ ስታዩ ቢያንስ አንድ መጨመር ያለበት የሌሊቱ ንባብ ነው። የጨመረው የቀኑ ከሆነ ወይ ሰዓቱ ተዛብቷል፣ ወይም ሁለቱ ንባቦች ኩባንያው ዘንድ ተገላብጠው ተመዝግበዋል። መገላበጡ የማይታመን ቢመስልም የታወቀ ችግር ነው፤ ሰው ለዓመታት ሌሊቱን በቀን ዋጋ ሲከፍል ይኖራል። ያንኑ ፍተሻ እኩለ ቀን ላይ ድገሙት። ሁለቱንም በፎቶ ከያዛችሁ በስልክ የሚከራከራችሁ አይኖርም።

ከቆጣሪው ጎን ጥቁር ወይም ነጭ ሌላ ሳጥን ካለና "ራዲዮ ቴሌስዊች" የሚል ጽሑፍ ካለው ጉዳዩ አስቸኳይ ነው። እነዚህ ሳጥኖች ቀንና ሌሊቱን የሚቀያይሩት ከቢቢሲ ረጅም ሞገድ ጋር በሚተላለፍ ምልክት ነበር፤ ያ ምልክት ከ2025 ሰኔ 30 ጀምሮ በየአካባቢው ደረጃ በደረጃ እንዲዘጋ ተደርጓል። ምልክቱ ሲቋረጥ ማሞቂያው ባለበት ሊቀር ይችላል፦ ወይ ጨርሶ አይበራም፣ ወይ አይጠፋም፣ ወይም በተሳሳተ ሰዓት ይሠራል። እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ካላችሁ ስሌቱን ከመጀመራችሁ በፊት ቆጣሪው እንዲቀየር ደውሉ።

ደረጃ 3፦ ቤቱና ውሃው በምን ይሞቃል?

ምርጫውን ከዘጠና በመቶ በላይ የሚወስነው ይህ ጥያቄ ነው ብል አላጋነንኩም። ቴሌቪዥን፣ አምፖል፣ ስልክ ቻርጅ፣ ይሄ ሁሉ ለምርጫው ምንም አይደለም።

ቤታችሁ በጋዝ የሚሞቅ ከሆነና ውሃውም ከጋዙ የሚመጣ ከሆነ ባለ አንድ ዋጋውን ያዙ። የሚቀጥለውን ደረጃ ሳታነቡም ልትወስኑ ትችላላችሁ።

ስቶሬጅ ሂተር ካላችሁ የሌሊት ቅናሹ የተሠራው ለእናንተ ነው። ስቶሬጅ ሂተር ከግድግዳ የተያያዘ ከባድ ሳጥን ሲሆን ውስጡ ጡብ ነው፤ ጡቡ ሌሊት ይግላል፣ ቀን ሙቀቱን ይለቅቃል። አንድ 1.7 ኪሎዋት የሚወስድ መካከለኛ ሂተር ሰባቱን ሰዓት ሙሉ ቢሞላ 12 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይጠጣል። ሙቅ ውሃችሁም በኢመርሽን ከሆነ፣ ማለትም በታንከር ውስጥ ባለ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ከሆነ፣ 120 ሊትር ውሃ ከ10 ወደ 60 ዲግሪ ለማድረስ 7 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይፈልጋል። እነዚህ ሁለቱ ናቸው ሚዛኑን የሚደፉት።

ሦስተኛው ዓይነት ቤት በጣም የሚጎዳው ነው፦ ጋዝ የሌለው፣ ግን ስቶሬጅ ሂተሮቹ ተነቅለው በምትካቸው ተራ የግድግዳ ማሞቂያ (ፓኔል ሂተር) የተገጠመለት። አከራዩ አሮጌ የሚመስሉትን ሳጥኖች አውልቆ ቀጭንና አማላይ ማሞቂያ ይገጥማል፣ ቆጣሪውን ግን እንደነበረ ይተወዋል። ፓኔል ሂተር ሙቀት አያጠራቅምም፤ ሲበርዳችሁ ታበሩታላችሁ፣ የሚበርዳችሁ ደግሞ ከሥራ ስትገቡ ማታ ነው፣ ያም ውዱ ሰዓት ነው። እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ በኢኮኖሚ ሰቨን መቆየት ማለት ለማትጠቀሙበት ቅናሽ በየቀኑ መክፈል ነው።

ደረጃ 4፦ አስሉት

ባለ ሁለት ዋጋ ታሪፍ ላይ የሌሊቱ ዋጋ ከአንድ ዋጋው ያንሳል፣ የቀኑ ግን ከአንድ ዋጋው ይበልጣል። ማስታወቂያው ስለ መጀመሪያው ይናገራል፣ ሂሳባችሁን የሚወስነው ግን ሁለተኛውም ነው። ስለዚህ የሚያስፈልጋችሁ ሦስት ዋጋ ነው፦ አንድ ዋጋው፣ የቀኑ፣ የሌሊቱ። ኩባንያውን ሦስቱንም ለእናንተ ፖስት ኮድና ለቶፕ አፕ አከፋፈል ጠይቁ፤ 5 በመቶው ቫት ተጨምሮበት መሆኑንም አረጋግጡ። ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ኦፍጄም የሚያወጣው የዋጋ ጣሪያ በየሦስት ወሩ፣ በጥር፣ በሚያዝያ፣ በሐምሌና በጥቅምት ስለሚቀየርና ከክልል ክልል ስለሚለያይ የጓደኛ ዋጋ ለእናንተ አይሠራም።

ለማስረዳት ያህል ብቻ አንድ ዋጋው 27 ፔንስ፣ የቀኑ 33፣ የሌሊቱ 17 ነው እንበል። ሁለቱ ታሪፎች እኩል የሚሆኑበትን ነጥብ ለማግኘት ከቀኑ ዋጋ ላይ አንድ ዋጋውን ቀንሱ፦ 33 ሲቀነስ 27፣ 6 ይሆናል። ከቀኑ ዋጋ ላይ የሌሊቱን ቀንሱ፦ 33 ሲቀነስ 17፣ 16። ስድስቱን ለአሥራ ስድስቱ አካፍሉ፦ 0.375፣ ማለትም 37.5 በመቶ። ከምትጠቀሙት ኤሌክትሪክ ከ37.5 በመቶ በላይ በሰባቱ ሰዓት ውስጥ ከወደቀ ኢኮኖሚ ሰቨን ያተርፋችኋል፤ ከዚያ በታች ከሆነ ያከስራችኋል። የራሳችሁን ዋጋዎች አስገብታችሁ የራሳችሁን ነጥብ አውጡ።

አሁን አንድ ነገር ልብ በሉ። ሰባት ሰዓት ከ24 ሰዓት 29 በመቶ ነው። እንደ ፍሪጅ ቀንም ሌሊትም ሳያቋርጥ የሚሠራ ዕቃ እንኳ ሌሊት የሚወድቅለት 29 በመቶው ብቻ ነው። ቤተሰቡ ደግሞ ሌሊት ይተኛል። ያለ ስቶሬጅ ሂተርና ያለ ታንከር 37 በመቶ መድረስ ከባድ የሆነው ለዚህ ነው።

የእናንተን ድርሻ ለማወቅ ባለ ሁለት ዋጋ ቆጣሪ ካላችሁ ቀላል ነው፤ ሰኞ ሁለቱን ንባብ ጻፉ፣ በሚቀጥለው ሰኞ ድገሙት፣ የሌሊቱን ጭማሪ ለሁለቱ ድምር አካፍሉ። ከተቻለ አንዱን ሳምንት በክረምት ውሰዱት። ባለ አንድ ዋጋ ቆጣሪ ካላችሁና ወደ ኢኮኖሚ ሰቨን መሄድ ካሰባችሁ ከመኝታ በፊትና ጠዋት ስትነሱ እያነበባችሁ ግምት መያዝ ትችላላችሁ፤ ስማርት ሜትር ካለ የኩባንያው አፕ በየግማሽ ሰዓቱ ሊያሳያችሁ ይችላል።

በምሳሌው ዋጋ ሦስት ቤቶችን እንይ፣ ቋሚ ክፍያውን ትተን።

በጋዝ የሚሞቅ አፓርታማ በወር 200 ኪሎዋት ሰዓት ተጠቅሞ 20 በመቶው ሌሊት ቢሆን፣ በኢኮኖሚ ሰቨን 59.60 ፓውንድ፣ በአንድ ዋጋ 54 ፓውንድ ይከፍላል። በየወሩ 5.60 ይጎዳል።

ስቶሬጅ ሂተርና ታንከር ያለው ቤት በክረምት ወር 900 ተጠቅሞ 60 በመቶው ሌሊት ቢሆን፣ በኢኮኖሚ ሰቨን 210.60፣ በአንድ ዋጋ 243 ይከፍላል። 32.40 ፓውንድ ይተርፈዋል፤ ይህ ሰው ቆጣሪውን በአንድ ዋጋ እንዲቀይርለት የሚመክረው ወዳጅ ካለው አይስማው።

ያ ፓኔል ሂተር ያለበት ቤት ደግሞ 700 ተጠቅሞ 25 በመቶው ሌሊት ቢሆን፣ በኢኮኖሚ ሰቨን 203፣ በአንድ ዋጋ 189 ነው። 14 ፓውንድ በየወሩ።

"ልብስ ማጠቢያውን ሌሊት ባበራውስ?" የሚል ጥያቄ ሁልጊዜ ይነሳል። አንድ እጥበት 1 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ቢወስድ በቀንና በሌሊት መካከል ያለው ልዩነት በምሳሌው ዋጋ 16 ፔንስ ነው። በሳምንት ሦስት ጊዜ ቢታጠብ 48 ፔንስ። የእሳት አደጋ መከላከያ ሰዎች ልብስ ማጠቢያና ማድረቂያ ሰው ተኝቶ እንዳይሠራ ይመክራሉ፣ ከታች ያለው ጎረቤትም ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ የሚሽከረከር ማጠቢያ አይወድም። ለ48 ፔንስ አይገባም ባይ ነኝ።

እንጀራውም እንደዚያው ነው። እዚህ ብዙ ሰው የሚጋግርበት ሶኬት ላይ የሚሰካ ክብ የኤሌክትሪክ ምጣድ 1.5 ኪሎዋት ገደማ ቢወስድ፣ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ሲጋገርበት 2 ኪሎዋት ሰዓት ቢበላ ነው፤ ልዩነቱ 32 ፔንስ። ሊጡ ኩፍ ብሎ ከጠበቀና እናንተም ማልዳችሁ የምትነሱ ከሆነ መልካም፣ ካልሆነ እንቅልፋችሁን ተኙ። ከአገር ቤት በመጣው ትልቁ የሸክላ ምጣድ ግን ጉዳዩ ከዋጋ ያልፋል፤ እሱ ብዙውን ጊዜ ከ3 ኪሎዋት በላይ ስለሚስብ የእንግሊዝ ባለ 13 አምፔር ሶኬት ከሚችለው በላይ ነው። ሶኬቱ ላይ አትሰኩት፤ ኤሌክትሪሻን ለብቻው መስመር ይዘርጋለት።

ደረጃ 5፦ ኪሳችሁ የሌሊቱን ጭነት ይችላል?

ቢል በወር ለሚመጣለት ሰው ይህ ደረጃ አያስፈልገውም፤ ለቶፕ አፕ ደንበኛ ግን ከስሌቱ እኩል ይመዝናል። ኢኮኖሚ ሰቨን ወጪውን በሌሊት ላይ ያከማቸዋል። ሦስት ሂተር እያንዳንዱ 12፣ ታንከሩ 7 ቢወስድ 43 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ በ17 ፔንስ 7.31 ፓውንድ በአንድ ሌሊት። ማታ 10 ፓውንድ አይቶ የተኛ ሰው ጠዋት ሦስት ፓውንድ የማይሞላ ያገኛል። ቆጣሪው አልሰረቀውም፤ ሂሳቡ ልክ ነው።

ችግሩ ገንዘቡ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ሲያልቅ ነው። ብዙ ኩባንያዎች ማታና ሌሊት፣ ቅዳሜና እሁድ፣ በበዓልም ገንዘብ ቢያልቅ አይቆርጡም፤ የተጠቀማችሁት ግን ይቆጠርና በሚቀጥለው ቶፕ አፕ ላይ ይነሳል። ኢመርጀንሲ ክሬዲት የሚባለውም ብድር ነው እንጂ ስጦታ አይደለም፣ መጠኑም ለአንድ ቀዝቃዛ ሌሊት ላይበቃ ይችላል። ጡቡ ሌሊት ካልሞቀ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ቤቱ ይበርዳል፣ ከዚያ ያው ተንቀሳቃሽ ማሞቂያ በውዱ ዋጋ ይበራል። ስለዚህ በኢኮኖሚ ሰቨን የምትቆዩ ከሆነ ከኅዳር እስከ የካቲት ባሉት ወራት ሱቁ ሳይዘጋ፣ ከመተኛታችሁ በፊት፣ የሌሊቱን ጭነት የሚችል ገንዘብ መኖሩን እዩ። በበጋ ትንሽ ትንሽ እየጨመሩ ማጠራቀምም አንድ መላ ነው፤ ቆጣሪው ላይ የተረፈው አይጠፋም።

ለኦክስጅን ማሽን ወይም ፍሪጅ ውስጥ ለሚቀመጥ መድኃኒት ኤሌክትሪክ የግድ የሚያስፈልገው ሰው ቤት ካለ ይህን ለኩባንያው ንገሩ። እንዲህ ላለ ቤት ትክክለኛው ጥያቄ ቶፕ አፕ ጭራሽ ይገባል ወይ የሚለው ነው።

ደረጃ 6፦ መቀየር

የኤሌክትሪኩን ሂሳብ የምትከፍሉት እናንተ ከሆናችሁ ኩባንያውንና ታሪፉን የመምረጥ መብቱ የእናንተ ነው፣ ተከራይም ብትሆኑ። የኪራይ ውሉ ስለ ቆጣሪ የሚለውን አንብቡ፤ ለአከራዩ ወይም ለካውንስሉ በጽሑፍ አሳውቁ፤ ስትወጡ ወደነበረበት መልሱ ሊሏችሁ ይችላሉና።

ከዚያ ደውሉና በግልጽ ተናገሩ፦ "ባለ ሁለት ዋጋ የቶፕ አፕ ቆጣሪ አለኝ፣ ወደ ባለ አንድ ዋጋ መቀየር እፈልጋለሁ፣ በቶፕ አፕ እቆያለሁ።" መጨረሻውን ካልጨመራችሁ ሰውየው ቢል ወደሚላክበት አከፋፈል መቀየር የፈለጋችሁ ሊመስለው ይችላል፤ ያኔ የብድር ታሪክ ማጣራት ውስጥ ትገባላችሁ። እንግሊዝኛው ካስቸገረ አስተርጓሚ እንዳላቸው ጠይቁ።

ስማርት ሜትር ካላችሁ ዋጋው ከሩቅ ሊቀየር ስለሚችል ቤት የሚመጣ ሰው ላያስፈልግ ይችላል። የቁልፍ ቆጣሪ ከሆነ ብዙ ጊዜ መልሱ ስማርት ሜትር እንግጠምላችሁ ነው፤ ቶፕ አፑ በስልክ ይሆናል፣ ቁልፍ ይዞ በዝናብ ወደ ሱቅ መሮጥ ይቀራል፣ እኔ ብሆን እምቢ አልልም። አንዳንድ ኩባንያዎች ደግሞ ቆጣሪውን ሳይነኩ በሁለቱም ንባብ ላይ አንድ ዓይነት ዋጋ ያደርጉላችኋል። ይህን መጠየቅ አይርሳችሁ። ኩባንያው እምቢ ካለ ሌላ ኩባንያ ፈልጉ፤ ለቶፕ አፕ ደንበኛ ዕዳው ለኤሌክትሪክ ብቻ እስከ 500 ፓውንድ ቢሆን እንኳ ዕዳውን ይዞ መሄድ ይቻላል።

አሁን ወደ ሁለተኛው የብሬከር ሳጥን እንመለስ። ቆጣሪው ወደ አንድ ዋጋ ሲቀየር ያ በሌሊት ብቻ ኃይል የሚያገኘው ሳጥን ምን ይሆናል? ወይ ጨርሶ ኃይል ያጣል፣ ታንከሩም ይቀዘቅዛል፤ ወይም 24 ሰዓት ኃይል ያገኝና የተረሱት ስቶሬጅ ሂተሮች ቀንም ሌሊትም መሙላት ይጀምራሉ፣ ያውም በሙሉ ዋጋ። ስለዚህ ቀጠሮ ከመያዛችሁ በፊት ሳጥኑ ሁለት መሆኑን ለኩባንያው ንገሩ፣ የሚመጣው ባለሙያ ምን እንደሚያደርግና ምን እንደማያደርግ ጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ ከቆጣሪው በኋላ ያለው ሽቦ የአከራዩ ሥራ ነው ይባላል። በኢመርሽኑ ላይ ሰዓት ቆጣሪ ማብሪያ እንዲገጠም አከራዩን መጠየቅ እዚህ ላይ ይጠቅማል። ሽቦውን ራሳችሁ አትንኩ።

በኢኮኖሚ ሰቨን የምትቆዩ ከሆነ

ስቶሬጅ ሂተሩ ላይ ሁለት ማዞሪያ አለ። "ኢንፑት" የሚለው ዛሬ ሌሊት ምን ያህል ሙቀት ይጠራቀም የሚለውን ይወስናል፤ ነገ ብርድ ነው ከተባለ ከፍ፣ ለስለስ ያለ ቀን ከሆነ ዝቅ ይደረጋል። "አውትፑት" ወይም "ቡስት" የሚለው የተጠራቀመውን መልቀቂያ ነው። ብዙ ሰው ብርድ ሲሰማው አውትፑቱን እስከ ጥግ ያዞርና እንደዚያው ይተኛል፤ ሌሊት የተጠራቀመው በተከፈተው በኩል ይወጣል፣ ከሰዓት በኋላ ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ሳጥኑ ቀዝቅዟል። ከመተኛታችሁና ከቤት ከመውጣታችሁ በፊት ዝጉት፣ ስትመለሱ ክፈቱት። ነጠላም ሆነ ፎጣ ላዩ ላይ አታስጡ፤ እሳት ያስነሳል።

ታንከሩም ብዙ ጊዜ ሁለት ማሞቂያ አለው። የታችኛው ታንከሩን ሙሉ ሌሊት ያሞቃል፣ የላይኛው ቀን ውሃ ሲያልቅ ጥቂት ለማሞቅ ነው። የላይኛው ማብሪያ ቀኑን ሙሉ በርቶ ከቀረ የሌሊቱ ቅናሽ ትርጉም ያጣል። በብዙ ቤት ይህች አንድ ማብሪያ ናት ቢሉን የምታሳብጠው፤ ዛሬውኑ ሄዳችሁ እዩዋት።

ቆጣሪው ወይም ታሪፉ ከተቀየረ በኋላ ባለሙያው ከመውጣቱ በፊት የአሮጌውን ቆጣሪ የመጨረሻ ንባብና ቀሪ ገንዘብ፣ የአዲሱንም መነሻ ንባብ በፎቶ ያዙ። አሮጌው ላይ የቀረው ገንዘብ የእናንተ ነው፣ እንዲዛወር ጠይቁ። የቁልፍ ቆጣሪ አዲሱን ዋጋ የሚቀበለው ቁልፉ ተሞልቶ ሲሰካ ስለሆነ ከመጀመሪያው ቶፕ አፕ በኋላ በተኗን ተጭናችሁ ዋጋውን እዩ። በደብዳቤው ከተጻፈው ጋር ካልገጠመ፣ ልዩነቱ እየተጠራቀመ ዕዳ ሆኖ ከመምጣቱ በፊት በዚያው ሳምንት ደውሉ።